ማሽኑ «ቤቶች!» እያለሽ ነው

ጥያቄውን ላላየ ሰው ባጭሩ ላንሳው። ጠያቂዋ ጎንደር፣ አዘዞ ባለ አንድ ክሊኒክ የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት ናት። የደም ሕዋሳትን የሚቆጥረው የሲቢሲ ማሽናቸው ውጤቱን በጠባብ ወረቀት ያትማል፤ እሷ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እያየች ኮምፒውተር ላይ ትጽፋለች። ከማሽኑ ጀርባ ባለ ዘጠኝ ፒን ሶኬት አገኘች። ፒያሳ ወጥታ ኬብልና ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አዳፕተር ገዛች፤ ላፕቶፗ ላይ ሰካችው። አሁን ማሽኑ ናሙና በጨረሰ ቁጥር ስክሪኑ ላይ አንዲት ምልክት ብቅ ትላለች። በቁጥር ስታያት 05 ናት። ከዚያ ዝም። «የተበላሸው ኬብሉ ነው ወይስ ማሽኑ? ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ትንሽ እሞክራለሁ። ውጤት መቀበል ብቻ ሳይሆን የታካሚውን ትዕዛዝም ወደ ማሽኑ መላክ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?» ትላለች።

እህቴ፣ ኬብልሽም ማሽንሽም ደህና ናቸው። ያቺ 05 ትልቅ የምስራች ናት።

ገጠር ዘመድ ልትጠይቂ ስትሄጂ ዘው ብለሽ አትገቢም። በሩ ላይ ቆመሽ «ቤቶች!» ትያለሽ። ከውስጥ «ማነው? ይግቡ!» እስኪሉሽ ትጠብቂያለሽ። 05 ማለት የማሽኖች «ቤቶች!» ነው። ማሽንሽ ውጤቱን ተሸክሞ ደጅ ቆሟል። በ15 ሰከንድ ውስጥ «ይግቡ» የሚለው ካላገኘ ሰው የለም ብሎ ይመለሳል። «ይግቡ» የምትባለዋ ደግሞ 06 ናት፤ ባለሙያዎች አክ ይሏታል። የከፈትሽው ተርሚናል ፕሮግራም ያዳምጣል እንጂ አይመልስም። ስለዚህ ማሽኑ በየናሙናው እየመጣ፣ እያንኳኳ፣ እየሄደ ነው።

ይህንን ለማወቅ እኔ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ኬብል ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ስለዚህ 05 መሆኗን ለይተሽ መጻፍሽ ግማሹን መንገድ እንደመሄድ ነው። ፍጥነቱ ማለትም ባውድ ሬቱ ባይገጥም ኖሮ 05 አታገኚም፤ ሌላ የተዘበራረቀ ምልክት ነው የምታገኚው። የመቀበያው ሽቦ ባይደርስ ኖሮ ደግሞ ጭራሽ ምንም አይመጣም ነበር። አንድ ነገር ግን ልጠቁምሽ። ለዚህ ሥራ ፑቲ የሚባለውን ፕሮግራም አትጠቀሚ። ፑቲ 05 ሲደርሰው ካልከለከልሽው በቀር የራሱን ስም መልሶ ይልካል። ማሽኑ የሚጠብቀው 06ን ነው፤ ፑቲ ስሙን ሲነግረው ግራ ይጋባል።

ይህ የአነጋገር ሥርዓት ኤኤስቲኤም ይባላል። ሁለት ሰነድ አለው። ኢ1381 የሚባለው ማን መቼ እንደሚናገርና መልእክቱ እንዴት እንደሚታሸግ ይደነግጋል። ኢ1394 ደግሞ በእሽጉ ውስጥ ያለው ምን ማለት እንደሆነ ይናገራል። ዛሬ ሲኤልኤስአይ የተባለው ድርጅት ሊስ01 እና ሊስ02 በሚሉ ስሞች ይዟቸዋል። አዳዲስ ማሽኖች በኔትወርክ ኬብል ኤችኤልሰቨን የሚባለውን ይናገራሉ። እሱ ሌላ ሥርዓት ነው፤ መልእክቱ በ11 ይጀምርና በ28 እና በ13 ያልቃል። ያንቺ ግን በ05 ስለሚያንኳኳ እዚያ አንሄድም። አሁኑኑ ማድረግ ያለብሽ ማሽኑን ላመጣላችሁ ወኪል ደውለሽ የሆስት ኢንተርፌስ ማኑዋሉን፣ ማለትም ማሽኑ ከኮምፒውተር ጋር እንዴት እንደሚነጋገር የሚገልጸውን፣ መጠየቅ ነው። የአጠቃቀም ማኑዋሉን አይደለም። ያለሱ አብዛኛው ነገር ግምት ይሆናል።

አሁን 06 መለስሽለት እንበል። ምን ይመጣል? ፍሬም የሚባል እሽግ። በ02 ይጀምራል። ቀጥሎ የፍሬሙ ተራ ቁጥር ይመጣል፤ ከ1 ተነስቶ 7 ሲደርስ ወደ 0 ይዞራል። ከዚያ መልእክቱ፣ ከዚያ 13፣ ከዚያ 03፣ ከዚያ ቼክሰም የሚባሉ ሁለት የማረጋገጫ ሆሄዎች፣ በመጨረሻም 13 እና 10። መልእክቱ ረዝሞ ወደሚቀጥለው ፍሬም ከተሻገረ በ03 ፋንታ 23 ታያለሽ።

ቼክሰሙን አንድ ጊዜ በእጅሽ አስይው። ፕሮግራሙ ያሰላልኛል ብለሽ አትለፊው፤ በእጅሽ ካሰላሽው በኋላ አትረሺውም። አጭሯን የመዝጊያ ፍሬም እንውሰድ። ከ02 በኋላ የሚመጡት ባይቶች፣ ማለትም ማሽኑ አንድ በአንድ የሚልካቸው ቁጥሮች፣ እነዚህ ናቸው፦ 51፣ 76፣ 124፣ 49፣ 124፣ 78፣ 13፣ 3። 51 የፍሬም ቁጥሯ «3» ናት። 76 ኤል የምትባለው ፊደል ናት፤ መልእክቱ አለቀ ማለቷ ነው። 124 ሜዳዎቹን የምትለየው ቀጥ ያለች መስመር ናት። 49 «1»፣ 78 ደግሞ ኤን። ሁሉንም ደምሪያቸው፤ 518 ይመጣል። ለ256 ሲካፈል ሁለት ደርሶ 6 ይተርፋል። ስለዚህ ማሽኑ የሚልከው ቼክሰም «06» ነው። ልብ በዪ፤ ይህ «06» ዜሮ እና ስድስት ተብሎ በሁለት ሆሄ የተጻፈ ነው፤ ባይቶቹ 48 እና 54 ናቸው። «ይግቡ» ከምትለው ከነጠላዋ 06 ጋር እንዳታምታቺው። አጻጻፉም በሄክስ ነው፤ በአሥር ሳይሆን በአሥራ ስድስት የሚቆጠር አጻጻፍ ማለት ነው። 02 ራሷ ድምሩ ውስጥ አትገባም፤ ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ድምሩ ከገጠመ 06 ትመልሻለሽ። ካልገጠመ 21 ትመልሻለሽ፤ ናክ ይባላል፤ «አልሰማሁህም፣ ድገምልኝ» ማለት ነው። ማሽኑ ይደግማል። ስድስት ጊዜ ካልተሳካ ይተወዋል። ሁሉንም ሲጨርስ 04 ብሎ ይሰናበታል።

ፓይተን ላይ ፓይሲሪያል የሚባለውን ላይብረሪ ትጠቀሚያለሽ። ጀማሪን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። አንድ ጊዜ ስታነቢ አንድ ሙሉ ፍሬም አይመጣልሽም። በ9600 ባውድ፣ በ8 ዳታ ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ በ1 ስቶፕ ቢት አንድ ሆሄ፣ የመነሻዋ ስታርት ቢት ተጨምራ፣ 10 ቢት ይፈጃል። በሰከንድ 960 ሆሄ ማለት ነው። ያንቺ ኮድ ከዚህ እጅግ ስለሚፈጥን ግማሽ ፍሬም ይዞ ሊመለስ ይችላል። የመጣውን ሁሉ አንድ ቦታ አጠራቅሚ፤ 02 ጀምሮ 10 እስኪያልቅ ጠብቂ፤ ከዚያ ብቻ ቁረጪ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዢ ይህንን ያዢልኝ፤ 06 ከመላክሽ በፊት የመጣውን ዲስክ ላይ ጻፊ። ማሽኑ 06 ሲሰማ «ውጤቱ ባለቤቱ ጋ ደርሷል» ብሎ ያምናል፤ ደግሞ አይልክም። አንቺ 06 ብለሽ ገና ልትጽፊ ስትይ መብራት ቢሄድ ያ ውጤት ጠፋ። መብራት ደግሞ ይሄዳል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ተቀበይ፣ አስቀምጪ፣ ከዚያ «ይግቡ» በዪ ነው። ለመጻፍ አንድ ሰከንድ አይፈጅም፤ ማሽኑ 15 ይታገሥሻል።

ስታስቀምጪም እንዳለ አስቀምጪ። ሳትተረጉሚ፣ ሳትቆርጪ፣ ባይቶቹን ከደረሱበት ሰዓት ጋር። ኤስኪውላይት የሚባለው ትንሽ ዳታቤዝ አንድ ፋይል ይበቃል። ሥራውን ለሁለት ፕሮግራም ክፈዪው። አንዱ ይቀበላል፣ ያስቀምጣል፣ 06 ይመልሳል፤ ሌላ ምንም አያውቅም። ሁለተኛው ከተቀመጠው ላይ አንብቦ ውጤቱን ያወጣል፤ ፒ የሚለው መስመር ታካሚውን፣ ኦ ናሙናውንና ትዕዛዙን፣ አር ደግሞ እያንዳንዱን ውጤት ይይዛል። ሁለተኛው ቢሳሳት አስተካክለሽ ከጥሬው ላይ እንደገና ታስኬጂዋለሽ። የመጀመሪያው ከሳተ ግን የምትመለሺበት ቦታ የለሽም። ስለዚህ እሱን አጭርና ቀላል አድርጊው። የኔ ከ100 መስመር አይበልጥም፤ ከተጻፈ ወዲህ እምብዛም ነክቼው አላውቅም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። መጀመሪያ ላይ ለአንድ ላብ የሠራሁት ፕሮግራም ውጤቱን ከታካሚ ጋር የሚያገናኘው በተራ ነበር። ዝርዝሩ ላይ አንደኛ ያለው አንደኛ የመጣውን ውጤት ይወስዳል። ሁለት ሳምንት ያለ እንከን ሠራ። አንድ ቀን ጠዋት ቴክኖሎጂስቷ አራተኛው ናሙና ረግቶ መሰላትና ደግማ አሠራችው። በቃ፤ ከአምስተኛው ጀምሮ ሁሉም ሰው ከፊቱ የነበረውን ሰው ውጤት ወሰደ። ያዳነችን ራሷ ናት። «ይሄ ሰውዬ አሁን ደረጃውን በእግሩ ወጥቶ ነው የመጣው። ሄሞግሎቢኑ እንዴት 5.8 ይሆናል?» ብላ ወረቀቱን ያዘችው፤ 5.8 ከባድ የደም ማነስ ነውና። ወደ ሐኪም የደረሰ ሁለት ወረቀት ሮጠን መለስን። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ወዲህ ናሙና ቁጥር የሌለውን ውጤት ፕሮግራሜ ከማንም ጋር አያገናኝም። ለብቻው ያስቀምጠዋል፤ ሰው አይቶ እስኪወስን ይጠብቃል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቱቦ የራሱ ቁጥር ይኑረው። በባርኮድ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ኮድ 128 የሚባለውን ብዙ ማሽን ያነባል። ባርኮድ ማንበቢያ ከሌለው ቁጥሩን በማሽኑ ቁልፍ ታስገቢያለሽ። የካርድ ቁጥር አይሁን። አንድ ሰው ጠዋት ሰጥቶ ከሰዓት ሊደግም ይችላልና። በየቀኑ ከ1 የሚጀምር ቁጥርም አይሁን፤ የትናንቱ 7 እና የዛሬው 7 አንድ ቀን ይጋጫሉ። ቀኑን ከፊት አስገቢበት፤ ርዝመቱ ማሽኑ ከሚቀበለው እንዳያልፍ ግን ማኑዋሉን እዪ።

ስም ደግሞ ወደ ማሽኑ አትላኪ። የኛ ፊደል ኮምፒውተሮች ጽሑፍ በሚያስቀምጡበት በዩቲኤፍ-8 ለአንድ ሆሄ ሦስት ባይት ይይዛል። ይህ ሥርዓት የተሠራው ለላቲን ሆሄ ነው። ማሽኑ ወይ የማይነበብ ነገር ያትማል፣ ወይ መልእክቱን ይጥለዋል። በላቲን ልጻፈው ካልሽም አንድ ስም በሦስት ዓይነት ስፔሊንግ ይጻፍብሻል። ቁጥሩ ብቻ ይሂድ። ስሙ ያንቺ ኮምፒውተር ላይ በአማርኛ ይቀመጥ፤ ሪፖርቱ ሲታተም ይገናኛሉ። ለታካሚው ምስጢርም ይሻላል።

ስለ ሰዓት ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። የላብ ማሽን ሰዓት በኛ አቆጣጠር ተሞልቶ አይቻለሁ። የሞላው ሰው ቅን ነበር፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይቶ ነው 3፡00 ያለው። ማሽኑ ግን 3፡00ን የሚያውቀው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ብሎ ነው። ቀኑ የሚቀየረውም ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሳይሆን በሌላ ሰዓት ይሆንበታል። የማታ ተረኛ የሠራችው ናሙና በሌላ ቀን ተመዝግቦ ተገኘ። ማሽኑንም ኮምፒውተሩንም በፈረንጆቹ የሰዓት አቆጣጠር ሙዪ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት 09፡00 ይሁን፤ ቀኑም በፈረንጆቹ ይሁን። ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የምትቀይሪው ወረቀቱ ሲታተም ብቻ ነው። ስትቀይሪም መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ እንደማትውል አስታውሺ፤ ጳጉሜ 6 ስትሆን ወደ 12 ትሻገራለች። አስራ ሦስተኛ ወር የማያውቅ ኮድ ጳጉሜ ላይ ይሰበራል። እኔ ጳጉሜ ሲመጣ ሪፖርቱን ሁሌ በዓይኔ አያለሁ።

መለኪያውንም ከቁጥሩ ጋር አብረሽ አስቀምጪ። ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር 13.5 ግራም ሲሆን በሊትር 135 ነው። አንድ ሰው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ቢቀይረው ፕሮግራምሽ ሊያውቅ ይገባል። ማሽኑ ከውጤቱ ጎን የሚያስቀምጠውን «ከፍ ያለ» ወይም «ዝቅ ያለ» የሚል ምልክት ተቀበዪው፤ የመጨረሻ ፍርድ ግን አታድርጊው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢን ከፍ ይላል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የደም ማነስን ድንበር በከፍታ ያስተካክላል። ከፋብሪካ የመጣው ድንበር ለኛ ሰው ይገጥም እንደሆነ የሚወስነው ላባችሁ ነው።

ወደ ማሽኑ ስለመጻፍ ጠይቀሻል። መልሴ፣ አሁን አይሆንም ነው። ቢያንስ አንድ ወር አንብቢ ብቻ። በዚያ ወር በእጅ መጻፉን አታቁሚ፤ በየቀኑ ማታ ሁለቱን አመሳክሪ። አንድ ልዩነት ካለ ምክንያቱን ሳታገኚ ወደ ቤት አትሂጂ። የምታነቢው ቢሳሳት ወረቀቱ አለ፤ ትመለሻለሽ። የምትልኪው ቢሳሳት ግን ማሽኑ ራሱ የተሳሳተውን ይሠራል፤ ወረቀቱም የተሳሳተውን ይደግፍልሻል።

መጀመሪያ ደግሞ ማሽንሽ የሚቀበል መሆኑን አጣሪ። ብዙ ትንንሽ የሲቢሲ ማሽኖች መላክ እንጂ መቀበል አይችሉም፤ ማኑዋሉ ይነግርሻል። ቢችል እንኳ ዝርዝር አዘጋጅተሽ አስቀድመሽ ከመጫን ይልቅ ማሽኑ እንዲጠይቅሽ አድርጊ። ቱቦው ሲገባ ባርኮዱን ያነባል፤ «ለዚህ ቁጥር ምን ልሥራ?» ብሎ ኪው የሚል መስመር ይልካል፤ አንቺ ለዚያ ቁጥር ብቻ ትመልሻለሽ። በዚህ መንገድ ያረጀ ትዕዛዝ ማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ ሌላ ሰው ላይ አይወርድም። ማሽኑ ልኩን የሚያስተካክልበትን የካሊብሬሽን ቁጥርንና ሴቲንግን በሶፍትዌር አትንኪ፤ ማሽኑ ቢፈቅድልሽም እንኳ።

መላክ ስትጀምሪ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ 05 የምትሉበት ቅጽበት ይመጣል። በር ላይ ሁለት ሰው ተገናኝቶ «ይለፉ»፣ «የለም እርስዎ ይለፉ» እንደሚባባለው ነው። ሥርዓቱ ለዚህ መልስ አለው፤ ቅድሚያው የማሽኑ ነው። እሱ አንድ ሰከንድ ጠብቆ እንደገና ያንኳኳል፤ አንቺ ግን ቢያንስ 20 ሰከንድ ትጠብቂያለሽ። ይህችን ሕግ የዘለለ ፕሮግራም ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ይንጠለጠላል፤ ሥራ በሌለበት ስትፈትሺው ደግሞ ደህና ነው።

ኬብሉን በተመለከተ ትንሽ ልበል። አሁን እየተቀበልሽ ነው፤ መመለስሽን ግን ገና አላየነውም። 06 ልከሽ ማሽኑ አሁንም ዝም ካለ የመላኪያ ሽቦሽን ጠርጥሪ። በኮምፒውተር በኩል 2 መቀበያ፣ 3 መላኪያ፣ 5 የጋራ መሬት ናቸው። አዳፕተርሽን ለመፈተን ከማሽኑ ንቀዪውና 2ን ከ3 ጋር በቁራጭ ሽቦ አገናኚ። የምትልኪው ሁሉ ተመልሶ ከመጣ አዳፕተሩ ጤነኛ ነው። ይህንን በማሽኑ ሶኬት ላይ እንዳትሞክሪው። ስትሰኪና ስትነቅዪም ሁለቱንም አጥፊ። ማሽኑና ኮምፒውተሩ ከአንድ ዩፒኤስ ቢያገኙ ይመረጣል። በክረምት መብረቅ ሲበዛ ከሥራ ስትወጪ ኬብሉን ንቀዪው።

አዳፕተሩን ሁልጊዜ አንድ የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ሰኪ። ወደ ሌላ ከወሰድሽው ዊንዶውስ የኮም ቁጥሩን ሊቀይረው ይችላል፤ ፕሮግራምሽ በድሮው ቁጥር ይጠብቃል፤ ጠዋት መጥተሽ ማሽኑ ተበላሸ ትያለሽ። ላፕቶፑ እንዳይተኛ አድርጊ። ሌላ ሰው ፊልም ያየበትን ፍላሽ ወደዚህ ኮምፒውተር አታስጠጊ።

ብቻሽን አትሥሪው። ጎንደር ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲውም ዛሬ የኢንፎርማቲክስ ኮሌጅ አለው። አንድ ጎበዝ ተማሪ ፈልጊ። እሱ ኮዱን ያውቃል፤ የረጋ ደም ምን እንደሚመስል የምታውቂው ግን አንቺ ነሽ። ተማሪው ይህንን ሳያውቅ የሚጽፈው ፕሮግራም እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት ዓይነት ይሆናል።

ሰኞ የታካሚ ሳይሆን ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ የኮንትሮል ደም አሠሪበት። 05 ስትመጣ 06 መልሺ፤ የሚመጣውን ሁሉ ፋይል ላይ እንዳለ ጻፊ። የመጀመሪያውን ፍሬም ባይቶች በቁጥር እዚሁ ለጥፊልኝ፤ ቼክሰሙን አብረን እናሰላዋለን።